ጠያቂዋ ልጅቷ ትሁን

አገር ቤት ተምረው የመጡ ብዙ ወላጆች ዩኒቨርሲቲያቸውን ያወቁት ምደባ ሲወጣ ነው። ፈተናው ይፈተናል፣ ምርጫ በቅደም ተከተል ይሞላል፣ ከዚያ ይጠበቃል። ጅማ የደረሰው ጅማን፣ ባሕር ዳር የደረሰው ባሕር ዳርን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ሻንጣውን ይዞ ከአውቶቡስ ሲወርድ ነበር። ዶርሙ ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ የካፌው ወጥ ምን እንደሚመስል፣ የተመኘው ዲፓርትመንት ይድረሰው አይድረሰው የሚያውቀው ከገባ በኋላ ነው። በዚያ መንገድ ብዙ ጎበዝ ሰው ወጥቷል።

ያው ወላጅ ዛሬ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ባሉት ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ሆኖ ልጅ ሲያሳድግ ግን መዳቢ የለም። የት የት እንደሚመለከት የሚወስነው ቤተሰቡ ነው፤ ከፋዩም ቤተሰቡ ነው። ሆኖም "ሄደን ግቢውን እንየው" ሲባል ብዙ ቤት የሚሰማው መልስ "መጀመሪያ ይቀበሏት፣ ያኔ ታየዋለች" የሚል ነው። ሥራ አለ፣ ነዳጅ አለ፣ ታናናሾች አሉ። ምክንያቱ ይገባኛል። ነገር ግን ከተቀባይነት ደብዳቤ እስከ ውሳኔ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ ብዙዎቹ ኮሌጆች መልስ የሚፈልጉት እስከ ሜይ 1 ነው። በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሁሉን አይቶ መወሰን አይቻልም። ቀድሞ ያየ ቤተሰብ ደብዳቤው ሲመጣ ምን እንደሚያነብ ያውቃል።

ኤፕሪል መካከል ላይ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከአንዲት እናትና ከ11ኛ ክፍል ልጃቸው ጋር የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ ግቢ ተገኘሁ። ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ሩቅ አይደለም። እናትየዋ ቅዳሜና እሑድ ሌሊት ሆስፒታል ይሠራሉ፤ ማክሰኞ ዕረፍታቸው ነው። እንዲህ ያለው ፈረቃ ሁልጊዜ እንደ ችግር ይነሳል፤ ለኮሌጅ ጉብኝት ግን መልካም አጋጣሚ ነው። ቅዳሜ የሄደ ሰው የሚያየው ሕንፃና ሣር ነው። በሥራ ቀን የሄደ ግን ተማሪው ከክፍል ወደ ክፍል ሲጣደፍ፣ ላይብረሪው ሲሞላ፣ የምሳ ሰልፉ ሲረዝም ያያል። በሰመርም አብዛኛው ግቢ ጭር ይላል።

ጊዜውን በሚመለከት አንድ የምመክረው ነገር አለ። ለመጀመሪያ ጉብኝት ጥሩው ወቅት የ11ኛ ክፍል ሁለተኛ ሴሚስተር ነው፤ ያለፈው ደግሞ የ12ኛ ክፍል ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ይቀረዋል። ኮሌጆቹ ስፕሪንግ ብሬክ የሚወጡት በአብዛኛው ማርች ላይ ሲሆን የብዙ ሃይስኩሎች ዕረፍት ወደ ፈረንጆቹ ፋሲካ ይጠጋል። ስለዚህ ልጅ ቤት በሚውልበት ሳምንት ኮሌጁ በሙሉ ሥራ ላይ ሊሆን ይችላል። ከትምህርት ቀን መቅረት ካስፈለገም ካውንስለሩን አስቀድሞ መጠየቅ ነው፤ ብዙ ሃይስኩሎች ለኮሌጅ ጉብኝት ፈቃድ ይሰጣሉ።

ምዝገባው በኮሌጁ የአድሚሽን ገጽ ላይ ይደረጋል፤ በአብዛኛው ክፍያ የለውም። የምትመዘገበው ልጅቷ ራሷ ትሁን፤ ኋላ በምታመለክትበት ኢሜይል ትመዝገብ። አንዳንድ ኮሌጆች አመልካች ግቢያቸውን መጎብኘቱን፣ ኢሜይላቸውን መክፈቱን፣ ከሠራተኞቻቸው ጋር መነጋገሩን ይመዘግባሉ፤ ሲመርጡም ያዩታል። ሌሎቹ፣ ለምሳሌ ኤምአይቲና ስታንፎርድ፣ ይህን ጨርሶ አይቆጥሩም። የትኛው ኮሌጅ እንደሚቆጥር ለማወቅ መገመት አያስፈልግም፤ ብዙዎቹ በየዓመቱ "ኮመን ዳታ ሴት" የተባለ ሰነድ ያወጣሉ፤ የአመልካቹ ፍላጎት ምን ያህል እንደሚታይ እዚያ ተጽፏል። ሩቅ ላለ ልጅም በኢንተርኔት የሚደረገው ገለጻ ላይ መገኘት ይህን በሚቆጥሩ ኮሌጆች ዘንድ ይመዘገባል።

ወደ ግቢው ልመለስ። መጀመሪያ አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ገለጻ አለ፤ ከዚያ የእግር ጉዞው ይቀጥላል። መሪያችን ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበር፤ ወደ ኋላ እየተራመደ ያወራል። ማኬልዲን ሞል የተባለውን ረጅም መስክ አቋርጠን ላይብረሪው ፊት ስንደርስ የኤሊው ቴስቱዶ ሐውልት አለ፤ ተማሪዎች ፈተና ሲደርስ ለመልካም ዕድል አፍንጫውን ስለሚያሹት ነሐሱ ያበራል። ሁሉም ፎቶ ተነሣ። መሪው "ጥያቄ ያለው?" አለ። የጠየቁት ወላጆች ብቻ ነበሩ። ልጆቹ ጫማቸውን ያያሉ።

"አንቺ ጠይቂ እንጂ፣ እኔ ነኝ የምማረው?" አሉ እናትየዋ በሹክሹክታ።

"ማሚ በቃ፣ እጠይቃለሁ።"

ይህች ልጅ ሰነፍ ወይም ግድየለሽ አይደለችም። ቤታችን ውስጥ ልጅ በታላላቅ ፊት ዝም ሲል ጨዋ ይባላል፤ በእንግዳ ፊት የሚጠይቅ ልጅ "አፈኛ" ይባላል። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ በዝምታ ያመሰገንናትን ልጅ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት "ተናገሪ" ማለት ከባድ ነው። ስለዚህ ልምምዱ ከቤት መጀመር አለበት። እናትና ልጅ ከመምጣታቸው በፊት ማታ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አምስት ጥያቄ ጽፈው ነበር፤ ሦስቱ የልጅቷ፣ ሁለቱ የእናትየዋ። ስምምነቱም እያንዳንዷ የራሷን እንድትጠይቅ ነበር።

አይሪብ ማዕከል ፊት ስንደርስ ጠየቀች። ሕንፃው በ2019 (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የተከፈተ የኮምፒውተር ሳይንስ ቤት ነው። "እዚህ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ኮምፒውተር ሳይንስም ገባሁ ማለት ነው?"

መሪው ቆመ። "አይደለም፤ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው" አላት።

የዚያ ቀን ትልቁ ትርፍ ይህ መልስ ነበር። በኮሌጅ ፓርክ ኮምፒውተር ሳይንስ ቦታው የተገደበ ፕሮግራም ነው። አንድ ልጅ ዩኒቨርሲቲው ቢቀበለውም ወደዚያ ዲፓርትመንት በቀጥታ ላይገባ ይችላል፤ ከገባ በኋላ ልቀየር ቢልም የራሱ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ዕድሉም ጠባብ ነው። አገር ቤት ፍሬሽማን ጨርሶ ዲፓርትመንት የጠበቀ ወላጅ ይህ ወዲያው ይገባዋል። ነርሲንግ የሚፈልጉ ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦችም፣ በኛ ዘንድ ብዙ ናቸውና፣ ያው ጥያቄ ነው፤ ብዙ ቦታ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ከጨረሱ በኋላ ለነርሲንጉ እንደገና ማመልከት ያስፈልጋል። ባልቲሞር ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የነርሲንግ ትምህርት ቤት የባችለር ተማሪዎቹን የሚቀበለው መሠረታዊ ኮርሶቻቸውን ሌላ ቦታ ከወሰዱ በኋላ ነው። ያው ትምህርት ሮክቪል በሚገኘው "ዩኒቨርሲቲስ አት ሼዲ ግሮቭ" ግቢም ይሰጣል። ይህን የማያውቅ ቤተሰብ "ዩኒቨርሲቲ ገባች" ብሎ ደግሶ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ልጅቷ ያሰበችውን ሳትማር ስትቀር ያዝናል። ብሮሹሩ ላይ ሕንፃው በትልቁ ይታያል፤ የመግቢያው ሁኔታ ግን ተፈልጎ የሚገኝ ነው።

የእናትየዋ ጥያቄ ስለ ደኅንነት ነበር። መሪው ሰማያዊ መብራት ያላቸውን የአደጋ ጊዜ ስልኮች አሳየን፤ ማታ የሚያደርስ መኪና እንዳለም ነገረን። መልካም ነው፤ ግን አስጎብኚ ተማሪ ከዚህ በላይ ሊመልስ አይችልም። ወላጅ ማወቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ። በ1986 ጂን ክሌሪ የተባለች የሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዶርሟ ውስጥ ተገደለች፤ ወላጆቿ ባደረጉት ትግል በ1990 ዛሬ በስሟ የሚጠራው የፌዴራል ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት የፌዴራል ተማሪ ዕርዳታ የሚያገኝ ኮሌጅ ሁሉ በየዓመቱ እስከ ኦክቶበር 1 በግቢው የተፈጸሙ ወንጀሎችን የሚመለከት ዘገባ ማውጣት አለበት። ዘገባው ለማንም ክፍት ነው። "ሰላም ነው ወይ?" ብሎ ከመጠየቅ ዘገባው የያዘውን ያለፉትን ሦስት ዓመታት ቁጥር አውጥቶ ኮሌጆቹን ማነጻጸር ይሻላል።

የአስጎብኚው ጉዞ ሲያበቃ አብዛኛው ቤተሰብ ወደ መኪናው ይሄዳል። ለኔ ግን ዋናው ጉብኝት የሚጀምረው ያኔ ነው። አስጎብኚው የኮሌጁ ሰው ነው፤ መንገዱ የተመረጠ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚታየው ዶርምም ለእንግዳ የተዘጋጀ ክፍል ነው። ማንም ያልመደበውን ተማሪ ማነጋገር ያስፈልጋል። እኛ ምሳ ሰዓት ላይ እንግዳ የሚከፍለውን ከፍለን ተማሪዎቹ የሚበሉበት አዳራሽ ገባን። ሁዳዴ ነበርና ልጅቷ በየመደርደሪያው ዞራ የጾም ምግብ ፈለገች፤ ሽምብራ፣ ሩዝ፣ የተጠበሰ አትክልት፣ ቪጋን የሚል ምልክት የተለጠፈበት ሾርባ አገኘች። በዘይቱ የፍስክ ነገር አብሮ ይጠበስ እንደሆነ ምግቡን የምታዘጋጀዋን ሴትዮ ጠየቀቻት። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሃምሳ አምስት ቀን ለሚጾም ልጅ ግን ትንሽ አይደለም። ደግሞም በራሷ ተነሥታ የማታውቀውን ሰው ያነጋገረችው እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ አጠገባችን ለተቀመጡት ሁለት ተማሪዎች ጥያቄዋን ያቀረበችው ማንም ሳይጎተጉታት ነው፦ የመጀመሪያ ዓመት ኮርሶች ላይ ስንት ሰው ይቀመጣል? ሳይገባችሁ ሲቀር ማንን ታገኛላችሁ? ከሁለተኛ ዓመት በኋላ ዶርም ይሰጣል ወይስ ውጭ ትከራያላችሁ? ዓርብ ማታ ሰው እዚህ ይቆያል ወይስ ወደየቤቱ ይሄዳል?

ሁለቱ ተማሪዎች አልተስማሙም። አንደኛውን ትልልቆቹ ክፍሎች አልከበዱትም፤ ሌላዋ የመጀመሪያውን ሴሚስተር እንደ ጠፋ ሰው እንዳሳለፈችው ነገረችን። ሁለቱንም በአንድ ጠረጴዛ መስማት ከአንድ ሰዓት ገለጻ የበለጠ ነገር ይሰጣል።

ቀጥሎ የገንዘብ ዕርዳታ ቢሮ። ብዙ ወላጅ ይህን በር አያንኳኳም፤ ዶላር መጠየቅ ልመና ይመስለዋል። አይደለም። ከ2011 ጀምሮ የፌዴራል ተማሪ ዕርዳታ የሚያገኝ ኮሌጅ ሁሉ በድረ ገጹ ላይ ቤተሰቡ በገቢው መጠን ስንት ሊከፍል እንደሚችል የሚገምት ማስያ እንዲያስቀምጥ በሕግ ይገደዳል። እሱን ቤት ሞልቶ፣ ውጤቱን አትሞ ይዞ መምጣት ነው። የተለጠፈው ዋጋና ቤተሰቡ የሚከፍለው ዋጋ እጅግ ሊራራቁ ይችላሉ። ኮሌጅ ፓርክ የትምህርት ክፍያው ለሜሪላንድ ነዋሪ በዓመት 12 ሺህ ዶላር ገደማ ሲሆን ከሌላ ግዛት ለሚመጣ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው፤ ማደሪያና ምግብ ሳይጨመር። በአንጻሩ የተለጠፈው ዋጋው የሚያስደነግጥ የግል ኮሌጅ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ከመንግሥት ኮሌጅ ያነሰ የሚያስከፍልበት ጊዜ አለ። የፌዴራሉ ፔል ግራንት ከፍተኛው መጠን በ2024–25 የትምህርት ዘመን 7,395 ዶላር ነበር፤ የማይመለስ ገንዘብ ነው፤ ለማግኘት ግን ፋፍሳ የተባለው የፌዴራል ዕርዳታ ማመልከቻ መሞላት አለበት።

ቢሮው ውስጥ የሚጠየቀው ይህ ነው፦ የምትሰጡን ዕርዳታ ለአራቱም ዓመት ነው ወይስ ለመጀመሪያው ብቻ? ስኮላርሺፑን ላለማጣት ስንት ነጥብ ያስፈልጋል? ልጄ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከማኅበር ስኮላርሺፕ ብታገኝ የእናንተን ትቀንሳላችሁ? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ቤተሰብ ያልጠረጠረው ነው። ልጅ ተወዳድሮ ያመጣውን ገንዘብ ኮሌጁ ከራሱ ዕርዳታ ላይ ሲቀንሰው ቤተሰቡ ምንም አላተረፈም። ሜሪላንድ በ2017 ይህን በመንግሥት ኮሌጆቿ የሚገድብ ሕግ በማውጣት ከግዛቶች ሁሉ የመጀመሪያዋ ናት። ሌላ ግዛት የሚያመለክት ልጅ ግን መጠየቅ አለበት።

መኪና ውስጥ ሲገቡ እናትየዋ ዝም አሉ። ይህም ማታ ከተስማሙበት ነው፦ ልጅቷ ያየችውን ጽፋ ሳትጨርስ አስተያየት አይሰጡም። በጣም የወደድኩት ሥርዓት ነው። እናት "እዚህማ ያምራል" ካሉ በኋላ ልጅ የራሷን ስሜት ማግኘት ያስቸግራታል፤ ወይ ትስማማለች ወይ ትቃወማለች። ልጅቷ ስልኳ ላይ የጻፈችውን ኋላ አሳየችኝ። ስለ ሕንፃዎቹ አንድም ቃል የለም። የኮምፒውተር ሳይንሱ ጉዳይ፣ የጠፋችው ተማሪ፣ ምግቡ። ከታች ደግሞ "ትንሽ ኮሌጅ ማየት አለብኝ" ይላል።

ቀጣዩን ጉብኝት የምትመርጠው እንግዲህ ከዚህ ተነሥታ ነው። መጀመሪያ የሚታዩት ቅርብ ያሉት መሆን አለባቸው፤ ባታመለክትባቸው እንኳ። ትልቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ መካከለኛ፣ ትንሽ፣ ከተማ ውስጥ ያለ፣ ከከተማ የወጣ፤ እያንዳንዱን ዓይነት አንድ አንድ ማየት ልጅን ምን እንደሚስማማው ያስተምረዋል። ለዋሽንግተን አካባቢ ሰው ይህ ሁሉ በአንድ ታንክ ነዳጅ ውስጥ አለ። የሀበሻ ሱቆች ያሉበት የሲልቨር ስፕሪንጉ ጆርጂያ አቬኑ ወደ ደቡብ ሲወርድ የሚያደርሰው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ደጅ ነው። ልጆቻችን በዚያ በር ሲገቡ ባዶ ቦታ እንዳልገቡ ይወቁ፦ ኢትዮጵያዊው ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማረው እዚያ ነው፤ አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ሊዮ ሃንስቤሪ የአፍሪካን ታሪክ በቁም ነገር ማስተማር የጀመረውና ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ጠበቃ የሆነው እዚያ ነው፤ በ1964 ለመጀመሪያ ጊዜ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም የተሰጡትን ሽልማቶች ከተቀበሉት አንዱም እሱ ነበር። ወደ ባልቲሞር መንገድ ላይ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ባልቲሞር ካውንቲ (ዩኤምቢሲ) አለ፤ በሳይንስ ለሚገፉ ልጆች ከ1988 ጀምሮ የማየርሆፍ ስኮላርሺፕ ያለበት። ቨርጂኒያ ፌርፋክስ ላይ ጆርጅ ሜሰን አለ።

ኮምዩኒቲ ኮሌጁንም ልክ እንደሌሎቹ መጎብኘት ያስፈልጋል። ብዙ ወላጅ "ለሰው ምን ብዬ እነግራለሁ" ይላል። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ከኮሌጅ ፓርክ ጋር፣ ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮምዩኒቲ ኮሌጅ) ከጆርጅ ሜሰን ጋር ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን ወደ አራት ዓመቱ እንዲሻገር መንገድ የሚያበጅ ስምምነት አላቸው። እዚያ የሚጠየቀው ቁርጥ ያለ ነው፦ በዚህ ዲፓርትመንት የወሰድኳቸው ኮርሶች ሁሉ ይታሰቡልኛል ወይ? መልሱን በጽሑፍ መያዝ ነው።

ሩቅ ያሉት ኮሌጆች መጨረሻ ይታዩ። ልጁ ተቀባይነት ሳያገኝ፣ ዋጋውም ሳይታወቅ ካሊፎርኒያ ድረስ ቤተሰብ ይዞ መብረር አይመከርም። በኢንተርኔቱ ገለጻ ላይ ይገኝ፣ የአካባቢውን ማመልከቻዎች የሚያነብ የአድሚሽን ሠራተኛ ሃይስኩሉ ድረስ ሲመጣ ይተዋወቀው። ብዙ የግል ኮሌጆች ደግሞ ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰብ ልጆችን ወይም ከቤታቸው የመጀመሪያ ኮሌጅ ገቢ የሆኑትን የአውሮፕላንና የማደሪያ ወጪ ችለው ለጥቂት ቀን ይጋብዛሉ። የማመልከቻው ጊዜ 12ኛ ክፍል ሊጀመር ሲል፣ በሰመርና በሴፕቴምበር ስለሆነ ብዙዎቹ የኛ ልጆች ሲሰሙት አልፏል። ይህን ጁን ላይ ካውንስለሩን መጠየቅ ነው። አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ሆኖ የሚያመለክት ልጅም ሳይጎበኝ አመለከትክ ተብሎ አይጎዳም፤ አዲስ አበባ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ ኤዱኬሽንዩኤስኤ በተባለው አገልግሎቱ በነፃ ያማክራል።

ኤፕሪል ላይ ደብዳቤዎቹ ሲደርሱ ኮሌጆች የተቀበሏቸውን ተማሪዎች ይጠራሉ። ያኔ የሚኬደው ገንዘቡ ከሚቻልባቸው ከሁለት ወይም ከሦስት ወደማይበልጡት ነው። በዚህኛው ጉብኝት ወላጅ ወደ ኋላ ይቅር። ልጅቷ ክፍል ውስጥ ትቀመጥ፣ የሚፈቀድ ከሆነ ዶርም ትደር፣ ዲፓርትመንቱን ብቻዋን ሄዳ ታነጋግር። ከ1974 ጀምሮ ባለው ሕግ መሠረት ልጅቷ ከገባች በኋላ ኮሌጁ ውጤቷን ያለ ፈቃዷ ለወላጅ የመንገር ግዴታ የለበትም፤ ምን እንደምታሳያችሁና መቼ እንደምትደውል በዚያው ጉዞ ላይ ተነጋገሩ። ወላጅ ደግሞ ልጅቷ ክፍል ስትገባ የዕርዳታ ደብዳቤዎቹን ይዞ ገንዘብ ቢሮው ይቀመጥ። ሥራ ከቀነሰ፣ አገር ቤት የሚረዳ ቤተሰብ ካለ፣ የሕክምና ወጪ ከመጣ ማስረጃ አቅርቦ እንደገና እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል፤ ብዙ ኮሌጆች ለዚህ የተዘጋጀ ፎርም አላቸው። መልሱ ከሜይ 1 በፊት እንዲደርስ ጥያቄው ደብዳቤው በመጣበት ሳምንት መግባት አለበት።